የጅማው ወንበርና ከጥቀርሻው ሥር የተገኘው አማና

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ወንዙን ተሻግሮ የአበልቲን ዳገት ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሰኮሩና አሰንዳቦ ከታለፉ በኋላ ምድሩ አረንጓዴ ይለብሳል። በቡና ማሳዎቹ መካከል ለጥላ የተተዉት ትላልቅ ዛፎች ከሩቅ ይታያሉ። ከእነዚህም አንዱ ዋንዛ ነው፤ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ «ዋዴሳ» ይለዋል። ስለ ጅማ የቤት ዕቃ ማውራት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ዛፍ መጀመር አለበት።

ዋንዛ ሲጠረብ የማያስቸግር፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም እንጨት ነው። ልቡ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፤ ምስጥም እንደ ሌሎቹ እንጨቶች ቶሎ አይደፍረውም። የጅማ ጠራቢዎች ከዚህ እንጨት ሦስት እግር ያለውን በርጩማ፣ ከፍ ያለ መደገፊያ ያለውን ወንበር፣ ገበታውንና የቁርኣን ማስቀመጫውን ሲሠሩ ኖረዋል። ጥሩ የሚባለው ወንበር ምስማርም ሆነ ኮላ አያውቅም። መቀመጫው፣ እግሩና መደገፊያው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ሦስት እግር የሆነበትም ምክንያት አለው፤ የአፈር ወለል ወጣ ገባ በመሆኑ አራት እግር ያለው መቀመጫ ሲንገዳገድ ሦስት እግር ያለው ግን በየትኛውም መሬት ላይ ይረጋል።

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ያስተዳደሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። የፎቁ ሰገነት፣ ምሰሶዎቹና መከታዎቹ የእንጨት ሥራ የደረሰበትን ደረጃ ያሳያሉ። በቅጥሩ ውስጥ መስጊድም አለ። ንጉሡ ይገለገሉባቸው ከነበሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ በጅማ ሙዚየም ተጠብቀው ቆይተዋል። ኢስላም የጅማ መንግሥት ሃይማኖት የሆነው በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ የቁርኣን ማስተማሪያ ቦታዎች ተስፋፉ፤ ለሸኹ መቀመጫ፣ ለደረሳው ሉሕ፣ ለሙስሐፉ ማስቀመጫ ማስፈለጉ አልቀረም። ጠራቢውና ዓሊሙ በአንድ መንደር ጎን ለጎን የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የእንጨት ሥራ በዲናችን ታሪክ ውስጥ ክብር ያለው ሙያ መሆኑን ልብ ይሏል። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተዘግቧል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ከመዲና አቅራቢያ ከሚገኘው የጋባ ጫካ ከመጣ እንጨት የተሠራ፣ ሦስት ደረጃ ብቻ የነበረው ቀላል ሥራ ነበር። የሠራውም የአንዲት አንሷሪት ሴት አገልጋይ የነበረ አናጢ ነው። ዛሬ በየቤታችን አቧራ የለበሰውን አሮጌ ሣጥንና ወንበር በንቀት ከማየታችን በፊት ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ከጅማ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ለኒካሕ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የሙሽሪት አባት ዕድሜያቸው የገፋ ሐጂ ናቸው። ቤቱ ለድግሱ ሲዘጋጅ ግድግዳው በአዲስ ጭቃ ይመረጋል፤ ምንጣፉ ይራገፋል፤ አሮጌ ዕቃዎች ወደ ደጅ ይወጣሉ። ከወጡት መካከል ጥቀርሻ የጠጣ፣ ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ነበር። ከከተማ የመጣ አንድ ዕቃ ገዢ ይህን ወንበር አይቶት ኖሮ ለሠርጉ የሚታረደውን በሬ ዋጋ የሚሸፍን ገንዘብ ሊሰጥ ቃል ገብቷል። የቤቱ የበኩር ልጅም ወንበሩ አምሮ እንዲታይ ብሎ ከገበያ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ቆርቆሮ ቫርኒሽ ይዞ መጥቷል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ጥቁሩን ፍቆ፣ እንጨቱን ነጭ አድርጎ፣ በቫርኒሽ አብረቅርቆ ለገዢው ማስረከብ ነው።

በዚህ መሐል ለድግሱ አግዳሚ ሊጠግኑ የተጠሩ ሽማግሌ አናጢ ደረሱ። ወረቀቱን ከወጣቱ እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉና፣ «ልጄ፣ ሰው ፊቱ ቢቆሽሽ ይታጠባል እንጂ ቆዳው አይገፈፍም። መጀመሪያ እንጠበው» አሉት።

ይህ አባባላቸው የጥንት ዕቃ አያያዝ ዋና ሕግ ነው ማለት ይቻላል። አንድ እንጨት በብዙ ዓመታት ውስጥ ከብርሃን፣ ከአየር፣ ከእጅ ወዝና ከጢስ የሚያገኘው ጥልቅ ቀለም የሚገኘው በላይኛው ስስ ገጽ ላይ ብቻ ነው። በብርጭቆ ወረቀት በጥቂት ደቂቃ የተፋቀው ገጽ በገንዘብ ተመልሶ አይመጣም፤ የሚመልሰው ሌላ የብዙ ዓመት ኑሮ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ የጠራቢው የመጥረቢያና የቢላዋ ምልክት፣ የቅርጹም ጠርዝ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቆሻሻውን ከዕድሜው ቀለም መለየት የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ሽማግሌው የሠሩትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ በቤታችሁ ያለውንም አሮጌ ዕቃ በዚሁ መንገድ ልታጸዱ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ወንበሩን ገልብጠው መረመሩት። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች አግኝተው ነበርና ነጭ ጨርቅ አንጥፈው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከቀዳዳዎቹ አዲስ የእንጨት ዱቄት ቢረግፍ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ነው። ምንም አልረገፈም። ቀጥለው በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን አነሱ። አቧራው ሳይነሣ ውኃ ቢነካው ጭቃ ሆኖ ወደ ቅርጹ ስንጥቅ ይገባልና።

በሁለተኛ ደረጃ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት የእጅ ሳሙና አሟሙ፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ግን ፈጽሞ አይገባም። ጨርቁን ነክረው እስኪበቃው ጨመቁት። እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ከዚያም ማንም በማያየው በመቀመጫው ሥር አንድ ትንሽ ቦታ ጠርገው ጠበቁ። ቀለሙ አለመልቀቁን፣ እንጨቱም ነጭ አለማውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው ወደ ፊት ለፊቱ የመጡት። ከመዳፍ የማይበልጥ ቦታ ይጠርጋሉ፣ በንጹሕ ውኃ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ ሳሙናውን ያነሳሉ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያደርቃሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መዳፍ። ውኃ የእንጨት ጠላት የሚሆነው ሲቆይበት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ሳሙናው ያልበገረው የቅቤና የጢስ ቅባት ነበር። ለዚህም የቀለም ነጋዴዎች አኳራጅ የሚሉትን ፈሳሽ በጥጥ ነክተው፣ ደጅ በነፋስ ላይ ሆነው፣ ከእሳት ርቀው ጠረጉት። ለቅርጹ ጎድጓዳ ደግሞ እንደ ሲዋክ ጫፉ የተላመጠ ቀጭን እንጨት ይጠቀሙ ነበር። ቢላዋም ሆነ ምስማር አላስጠጉም።

ከመደገፊያው ጀርባ ያለውን ጥቀርሻ ሲያነሱ ነበር ሥራው የቆመው። «ኡስታዝ፣ ይህ ቅርጽ ነው ወይስ ጽሑፍ?» ብለው ጠሩኝ። በቢላዋ ጫፍ የተቆረጡ የዐረብኛ ፊደላት ነበሩ። ጥጡ ሲያልፍባቸው አንድ በአንድ ወጡ። የመጀመሪያው ቃል «ወቅፍ» የሚል ነው። ቀጥሎ ለቁርኣን ተማሪ ልጆች የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ሐረግ አለ። የሰጪው ስም የለም፤ ዓመተ ሒጅራም የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ያ የብርጭቆ ወረቀት ሥራውን ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ማንም ሳያውቀው በቀረ ነበር።

በቤቱ ጸጥታ ሆነ። ወጣቱ በመጀመሪያ፣ «አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቀው ዕቃ ነው፤ አያቴ ሲቀመጥበት ነው የማውቀው» አለ። እውነቱን ነው። ግን ወቅፍ በጥበቃ ብዛት የጠባቂው ንብረት አይሆንም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የኸይበርን መሬታቸውን ለአላህ ብለው በሰጡ ጊዜ እንዳይሸጥ፣ ስጦታ እንዳይሆን፣ እንዳይወረስም መደንገጉ በሐዲስ የታወቀ ነው። ጥያቄው፣ ይህ ወንበር በእርግጥ ወቅፍ ነውን? ወይስ የሆነ ሰው እንዲሁ የጻፈበት ነው? የሚል ነበር።

መልሱን የሰጡት ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ጤፍ ይለቅሙ የነበሩት የሐጂው አክስት ናቸው። በልጅነታቸው ልጆች ከዋንዛው ጥላ ሥር ሉሕ ይዘው ሲቀሩ ሸኹ የሚቀመጡት በዚህ ወንበር ላይ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ሸኹ ወደ አኼራ ሲሄዱ ማስተማሪያው ተበተነ። ወንበሩ ዝናብ እንዳያበላሸው ወደዚህ ቤት ገባ። «ልጆቹ ሲመለሱ እንመልሰዋለን ተብሎ ነበር» አሉ። ልጆቹ ተመልሰዋል። መንደሪቱ ዛሬ መድረሳ አላት። ወንበሩ ግን ተረስቶ፣ ጥቀርሻ ለብሶ፣ የቤት ዕቃ ሆኖ ቀርቷል።

የመስጊዱ ኢማም ተጠርተው ጽሑፉን አዩ፤ የአሮጊቷንም ምስክርነት ሰሙ። ሁለቱ ስለተደጋገፉ ወንበሩ የቤተሰቡ ንብረት እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐጂው ብዙ አልተናገሩም። «አላህ በእጃችን ሳይሸጥ አሳየን፤ አልሐምዱሊላህ» ብለው ለገዢው መልእክት ላኩ። የበኩሩ ልጅ ተከፍቷል፤ ድግሱ በእሱ ትከሻ ላይ ነበርና። በበሬው ፈንታ ሁለት ፍየሎች ታረዱ። እንግዳው ሁሉ በላ፤ ኒካሑም ተፈጸመ። ከሠርጉ በኋላ ባለው ቀን ወንበሩን ተሸክሞ ወደ መድረሳው የወሰደው ያው ወጣት ነው።

ከመሄዱ በፊት ግን ሽማግሌው ሥራቸውን ጨረሱ። የታጠበ እንጨት ራቁቱን መተው የለበትም፤ ልብስ ያስፈልገዋል። የመረጡለት ልብስ ሰም ነበር። ንጹሕ የንብ ሰም ፈርፍረው በጣሳ አደረጉ። ጣሳውን በፈላ ውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ አስቀምጠው አቀለጡት፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ከቀለጠም በኋላ ከእሳቱ ርቀው ወደ ደጅ አውጥተውት አኳራጁን ጨመሩበት። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ሆነ። በጨርቅ እጅግ ስስ አድርገው ቀቡት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው በሱፍ ጨርቅ እስኪሞቅ ወለወሉት። ወንበሩ አላብረቀረቀም። ነገር ግን ጥቁር ቡናማ ቀለሙ ከውስጥ የበራ መሰለ። ሰም የሚመረጠው ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ እንጨቱን ሳይጎዳ ሊያነሳው ስለሚችል ነው። ወፍራም ቫርኒሽ ግን ይህን አይፈቅድም።

በከተማ ቤቶች ያሉት ቡፌዎች፣ ቁም ሣጥኖችና ጠረጴዛዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከእነዚህ አሮጌዎቹ ብዙ ጊዜ ሼላክ የተቀቡ ናቸው። ሼላክ በህንድና በአካባቢዋ አገሮች በዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚያመነጨው ሙጫ ሲሆን በአልኮል ይሟሟል። ትኩስ ብርጭቆ ሲቀመጥበት ነጭ ክብ የሚያወጣው ይኸው ነው። ለማወቅ ከፈለጋችሁ በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ስፒርቶ በጥጥ ንኩት። ቢጣበቅና ቢለሰልስ ሼላክ ነው። ባይለሰልስ የዘይት ቫርኒሽ ወይም ሌላ ቅብ ሊሆን ይችላል። ሼላክ ከሆነ ሁሉንም መግፈፍ አያስፈልግም፤ ከጸዳ በኋላ አዲስ ስስ ሼላክ ሲቀባበት ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል። አሮጌ የቀለም ቅብ ያለበትን ዕቃ ግን በደረቁ አትፋቁ። በቀድሞ ዘመን ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበርና አቧራው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ ከሙስሊም ቤት የሚነሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የአልኮል ጉዳይ ነው። አስካሪ መጠጥ ሐራም ለመሆኑ ልዩነት የለም። ነጃሳ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ግን የአራቱ መዝሀቦች አቋም ነጃሳ ነው የሚል ሲሆን፣ እንደ ኢማም አሽ-ሸውካኒ ያሉ ዑለማዎች አንድ ነገር ሐራም መሆኑ ብቻውን ነጃሳ አያሰኘውም ብለዋል። ለመጠጥ የማይውለውን የኢንዱስትሪ አልኮል ለጽዳትና ለሥራ መጠቀምን የፈቀዱ የዘመናችን ዑለማዎችም ብዙ ናቸው። ልቡ ያልረጋ ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ወይም እንደ ሽማግሌው በሰም ይብቃቃ። ሁለተኛው የብሩሽ ጉዳይ ነው። ለቫርኒሽ ከሚሸጡት ብሩሾች ብዙዎቹ ከአሳማ ጠጉር የሚሠሩ ናቸው። የሙስሐፍ ማስቀመጫና የመስገጃ ቤት ዕቃ የሚያድስ ሰው ሰው ሠራሽ ጠጉር ያለውን ብሩሽ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ቢጠቀም ከጥርጣሬ ይድናል።

እናቶች ደግሞ እንጨቱን በምግብ ዘይት መወልወል ይወዳሉ። ለጊዜው ያምራል፤ ግን የምግብ ዘይት አብዛኛው አይደርቅም፤ አቧራ ይስባል፣ ይሸታል፣ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ይደርቃል፤ ሆኖም ከጊዜ ጋር እንጨቱን ያጠቁራል። ከሁሉ በላይ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ይህን ለልጆቻችሁም ንገሩ።

ዕቃን የመጠበቅ ነገር ሲነሣ የበይተል መቅዲስ ሚንበር ሊታወሰን ይገባል። ኑሩዲን ዘንጊ ቁድስ ገና ነፃ ሳትወጣ፣ በ12ኛው ምዕተ ዓመት፣ ለመስጂደል አቅሷ ብለው በሐለብ አሠሩት፤ እሳቸው ሳይደርሱበት ሰላሑዲን እ.ኤ.አ. በ1187 ከተማዋን ሲይዙ ወስደው አቆሙት። እጅግ ብዙ የእንጨት ቁርጥራጮች ያለ ምስማርና ያለ ኮላ እርስ በርስ ተያይዘው የቆሙበት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1969 አንድ ሰው መስጊዱን በእሳት ሲያቃጥል ሚንበሩ ወደመ። ተመሳሳዩ በዮርዳኖስ ተሠርቶ ወደ ቦታው የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በእሳቱና በምትኩ መካከል ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ። የጥንቱን የመግጠም ጥበብ የሚያውቁ እጆች ማግኘት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ እንጨቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የሚሠራው ሰው ዕውቀትም አብሮ ይሄዳል።

በጅማም ያሉት ጠራቢዎች ይህንኑ ይናገራሉ። አንድ ወንበር የሚወጣው ትልቅ ዋንዛ እንደ ቀድሞው በየደጁ አይገኝም። የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ርካሽ ነው፤ ሲሰበርም ይጣላል። አሮጌውን ለዕቃ ገዢ ሰጥተው ፕላስቲክ የሚለውጡ ቤቶች በመንገዳችን አጋጥመውናል። ድኻን ሰው ለምን ሸጥክ ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ከመሸጡ በፊት ገልብጦ ማየት፣ አቧራውን ማንሳት፣ የቤቱን አዛውንት መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። በየቤታችን ያሉት ሣጥኖች፣ ሉሖችና የሙስሐፍ ማስቀመጫዎች የማን ናቸው? ከየት መጡ? በአደራ ነው ወይስ በውርስ? አዛውንቶቻችን ሳያልፉ ይህን ብንጠይቅ ከብዙ የሰው ሐቅ እንድናለን።

ሽማግሌው አናጢ ለመድረሳው ልጆች የተዉት መመሪያ አጭር ነው። ወንበሩ ከጠዋት ፀሐይና ከእርጥብ ግድግዳ ይራቅ፤ በየጁምዓው ዋዜማ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ስስ ሰም ይቀባ። የጀርባው ጽሑፍ ግን በየጊዜው እንዲነበብ አዘዋል፤ ማን እንደሰጠው ባይታወቅም ለማን እንደሰጠ ይታወቃልና።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ያለውን አማና ለባለቤቱ የምናደርስ ያድርገን። አሚን።